ክብደቱ ከወዴት ይሁን? የፊት ሎደር ስላለው ትንሽ ትራክተር የኋላ ሚዛን አመራረጥ

ከፊቱ ሎደር የተገጠመለት ትንሽ ትራክተር ሲሠራ ያየ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በአካፋው ላይ ነው። አካፋው አፈር ይዝቃል፤ ፍግ ያነሣል፤ አሸዋና ጠጠር ይጭናል፤ ብዙ ሰው ሲደክምበት የሚውለውን ሥራ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል። በትራክተሩ ጀርባ ምን እንደ ተንጠለጠለ ልብ ብሎ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን የነጂውን ሕይወት የሚጠብቀው ከፊት የሚታየው ሳይሆን ይኸው ከኋላ የተረሳው ነገር ነው።

ከኋላ የሚደረገው ክብደት በባለሙያዎቹ ዘንድ ባላስት ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የኋላ ሚዛን ብለነዋል። ትራክተር የገዛ ሰው ስለዚህ ነገር ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ኪሎ ይበቃዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ መሆን የሚገባው ነው። ፊተኛው ጥያቄ «ክብደቱ ከወዴት ይሁን?» የሚለው ነው። አንዱ 300 ኪሎ በአንድ ስፍራ ሲሆን ነጂውን ያድናል፤ በሌላ ስፍራ ሲሆን ግማሹን ሥራ ብቻ ይሠራል። ይህ ለምን እንደ ሆነ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ትራክተር መጻፋችን የሚያስገርመው አንባቢ አይጠፋ ይሆናል። ምክንያታችን አጭር ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ምሥጢር አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሒሳብ መደመርና መቀነስ፥ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፤ ይህንንም ሁላችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ደግሞም ተማርን የምንል ሰዎች በአገራችን ቋንቋ ለባለ ሥራው ልናስረዳው የማንችለውን ነገር ዐወቅነው ልንል አይገባንም።

1. ትራክተር በስንት እግሩ ይቆማል?

የትራክተር ጎማ ቢቈጠር አራት ነው። አቋቋሙ ግን እንደ በርጩማ በሦስት እግር ነው። ምክንያቱም በተለመደው የትራክተር አሠራር የፊቱ አክስል ከአካሉ ጋር የሚገናኘው በመካከሉ ባለች አንዲት ወፍራም ፒን ነው። መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን አክስሉ በዚህች ፒን ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ በዚህም ምክንያት አራቱም ጎማዎች መሬት እንደ ነኩ ይቀራሉ። ይህ ለሥራ መልካም ነው። ነገር ግን አክስሉ እስከ መግቻው ድረስ እንዲህ እየተወዛወዘ ሳለ የፊት ጎማዎች ትራክተሩ ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚያደርጉት እርዳታ የለም። ወደ ጎን ደግፈው የሚይዙት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው።

እንግዲህ የበርጩማው ሦስት እግሮች አንደኛው ከፊት ያለችው ፒን፥ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ናቸው። ሦስቱን በአሳባችን መሥመር ብናያይዛቸው ጫፉ ወደ ፊት፥ ሰፊው ወገን ወደ ኋላ የሆነ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። የመላው ክብደት ማዕከል በዚህ ሦስት ማዕዘን ውስጥ እስካለ ድረስ ትራክተሩ ቆሞ ይሄዳል፤ ከዚያ ወጣ ያለ እንደ ሆነ ይገለበጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። አካፋው ሲሞላ የክብደቱ ማዕከል ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ፊት በሄደ መጠን የሚደርሰው ሦስት ማዕዘኑ እየጠበበ ወደሚሄድበት ወገን ነው። ስለዚህ ከፊት የተጫነ ክብደት ትራክተሩን የሚያሰጋው ወደ ፊት እንዲደፋ በማድረግ ብቻ አይደለም፤ ወደ ጎን እንዲገለበጥም ያደርገዋል። የብዙ ሰው ስሕተት ይህን ሁለተኛውን አለማየቱ ነው።

2. የድጅኖው ሕግ

ከእርሻው ውስጥ ትልቅ ድንጋይ የሚፈነቅል ገበሬ ድጅኖውን ከድንጋዩ ሥር ያስገባል፤ ከድጅኖው ሥር ደግሞ ለመደገፊያ የሚሆን ትንሽ ድንጋይ ያኖራል። ከዚያም የሚጫነው የድጅኖውን ጫፍ ነው እንጂ ወደ መደገፊያው የቀረበውን ወገን አይደለም። እጁ ከመደገፊያው በራቀ መጠን ጉልበቱ እንደሚበዛ ያውቃል። ሕጉ ይህ ነው፤ የሚቈጠረው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከመደገፊያው ባለው ርቀት ተባዝቶ ነው።

ሎደር ያለው ትራክተርም እንደዚሁ ድጅኖ ነው። መደገፊያው የፊት አክስል ነው። ከመደገፊያው ወዲያ አካፋውና ጭነቱ፥ ከመደገፊያው ወዲህ የትራክተሩ አካልና የኋላ ጎማዎች አሉ። አካፋው የድጅኖውን አንዱን ጫፍ ወደ ታች ሲጫን ሌላው ጫፍ፥ ማለት የኋላው ወገን፥ ይነሣል።

በቍጥር እንየው። ለትምህርት እንዲመች ያዘጋጀነው ምሳሌ የሚከተለው ነው።

ባዶው ትራክተር 1,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚህ 400 ኪሎው በፊት ጎማዎች፥ 600 ኪሎው በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል።
በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 160 ሳንቲ ሜትር ነው።
ሎደሩ ራሱ 250 ኪሎ ነው፤ የክብደቱ ማዕከል ከፊት አክስል 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ነው።
በአካፋው ያለው ጭነት 400 ኪሎ ነው፤ ማዕከሉ ከፊት አክስል 140 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ነው።

የመጨረሻው ርቀት የሚለካው የሎደሩ ክንድ አግድም በሆነበት ጊዜ ነው። ክንዱ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ በመንገዱ ላይ ጭነቱ እጅግ ወደ ፊት የሚርቀው በዚያን ጊዜ ነውና፤ ሒሳብ ደግሞ በክፉው ጊዜ ልክ መደረግ አለበት።

ከኋላ የሚነሣውን ክብደት ለማግኘት ከፊት ያለውን ክብደት በርቀቱ እናበዛለን፤ የተገኘውን ለ160 እናካፍላለን። ሎደሩ ራሱ 250 ጊዜ 60 ሲካፈል ለ160፥ ወደ 94 ኪሎ ያህል ከኋላ ጎማዎች ላይ ያነሣል። ጭነቱ ደግሞ 400 ጊዜ 140 ሲካፈል ለ160፥ 350 ኪሎ ያነሣል። ከ600 ኪሎ ላይ ሁለቱን ብንቀንስ በኋላ ጎማዎች ላይ የሚቀረው 156 ኪሎ ብቻ ነው። ጠቅላላው ክብደት 1,650 ኪሎ ስለ ሆነ የቀረው 1,494 ኪሎ በፊት ጎማዎች ላይ ተጭኗል ማለት ነው።

ይህን ቍጥር ደግመን እንመልከተው። በባዶነቱ 400 ኪሎ የነበረው የፊት አክስል አሁን ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ተሸክሟል። ትራክተሩን ወደ ጎን የሚደግፉት የኋላ ጎማዎች ግን ከመላው ክብደት 9 በመቶ ያህል ብቻ ቀርቶላቸዋል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 120 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ የክብደቱ ማዕከል ባለበት ስፍራ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት በግምት 11 ሳንቲ ሜትር ነው። ከመካከል ወደ ግራ 5፥ ወደ ቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር እንደ ማለት ነው። አንድ ጎማ ትንሽ ጉድጓድ ቢገባ ይህን ያህል ማዘንበል ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

3. ቁልቁለት ሲመጣ

እስካሁን ያልነው ሜዳ ላይ ነው። ቁልቁለት ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ ይህ ትራክተር ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ቢሄድ፥ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው ብንል፥ ወደ 140 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ክብደት ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል። በኋላ ጎማዎች ላይ የሚቀረው 12 ኪሎ ያህል ነው፤ ይኸውም ከአንድ ትንሽ ልጅ ክብደት አይበልጥም።

በብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ደግሞ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። 12 ኪሎ የተጫነበት ጎማ ፍሬን ቢይዘው መሬቱን ይቧጥጣል እንጂ 1,650 ኪሎ ሊያቆም አይችልም። ነጂው ፍሬኑን በኃይል በረገጠ ቍጥር ክብደቱ አሁንም ወደ ፊት ይሸሻል፤ የቀረችውም 12 ኪሎ ትጠፋለች። እንግዲህ የኋላ ሚዛን የሚጠብቀው ሦስት ነገር ነው ማለት ነው፤ ወደ ፊት ከመደፋት፥ ወደ ጎን ከመገልበጥ፥ ፍሬን ከማጣት።

4. ከኋላ ማንጠልጠል የሚሠራው ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። 300 ኪሎ ክብደት አለን እንበል። ከወዴት እናድርገው?

አንደኛው መንገድ በኋላ ጎማዎች ውስጥ ወይም በጎማዎቹ ላይ ማድረግ ነው። በዚያን ጊዜ ክብደቱ ልክ በኋላው አክስል ላይ ስላረፈ የኋላው ወገን 300 ኪሎ ይጨምራል፤ 156 የነበረው 456 ይሆናል። የፊቱ አክስል ግን አንድ ኪሎ እንኳ አይቀልለትም፤ 1,494 እንደ ሆነ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ከኋላው አክስል ወዲያ፥ እንበል 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፥ በትራክተሩ ማንጠልጠያ ላይ መስቀል ነው። ከመደገፊያው፥ ማለት ከፊት አክስል፥ ያለው ርቀት አሁን 160 ሲደመር 90፥ 250 ሳንቲ ሜትር ሆነ። 300 ጊዜ 250 ሲካፈል ለ160፥ 469 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ የኋላው ወገን ከ156 ወደ 625 ኪሎ ይወጣል። ይህ ትርፍ 169 ኪሎ ከሰማይ አልወረደም፤ ከፊት አክስል ላይ ተነሥቶ የመጣ ነው። የፊቱ አክስል ከ1,494 ወደ 1,325 ይወርዳል።

አንዱን ክብደት በሁለት ስፍራ አድርገን ያገኘነው ልዩነት ይህ ነው። የተንጠለጠለው 300 ኪሎ ለኋላ ጎማዎች የሚሰጠውን ጥቅም በጎማ ውስጥ በሚደረግ ክብደት ለማግኘት 469 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ የፊቱን አክስል አያሳርፈውም። የፊት አክስል ኩሽኔቶች፥ የመሪው መጋጠሚያዎችና የፊት ጎማዎች ቶሎ የሚያልቁት፥ መሪውም አልዞር የሚለው በዚህ ሸክም ምክንያት ነው።

በቀደመው ቁልቁለት ላይ ሚዛኑን አንጠልጥለን ብንሄድ በኋላ ጎማዎች ላይ 12 ኪሎ ሳይሆን ወደ 446 ኪሎ ያህል ይቀራል። ከመካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር የነበረውም ወሰን ወደ 19 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል።

ክብደትን ከኋላ ማንጠልጠል ራሱ ታሪክ አለው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበሩ ትራክተሮች ማረሻውን በሰንሰለት ወይም በዘንግ ይጎትቱ ነበር፤ ፎርድሰን የሚባለውም ትራክተር ማረሻው ድንጋይ ሲይዘው ፊቱን አንሥቶ ወደ ኋላ በመገልበጥ ክፉ ስም አትርፎ ነበር። የአየርላንዱ ተወላጅ ሃሪ ፈርግሰን ማረሻውንና ትራክተሩን አንድ አካል የሚያደርግ ባለ ሦስት ነጥብ ማንጠልጠያ አዘጋጀ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. የሙከራ ትራክተሩን ሠራ፤ በ1939 ዓ.ም. ከሄንሪ ፎርድ ጋር ተባብሮ ፎርድ ፈርግሰን የተባለውን አወጣ፤ ከ1946 እስከ 1956 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ቲ ኢ 20 የተባለው ትንሽ ትራክተር ከ500,000 በላይ ተሠራ። ዛሬ በትናንሽ ትራክተሮች ጀርባ የምናየው ማንጠልጠያ የዚያ ልጅ ነው። ፈርግሰን የአሰበው ለማረሻ ነበር፤ ያው ማንጠልጠያ ግን የሚዛን ክብደት ለመስቀል የሚሻል ስፍራ የሌለው ሆኖ ተገኝቷል።

5. የሚዛን ዐይነቶች

ሀ. የሚንጠለጠል ሣጥን ወይም በርሜል። ከወፍራም ላሜራ የተበየደ ሣጥን በኮንክሪት፥ በአሸዋ ወይም በብረት ይሞላል። የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ክብደት 2,400 ኪሎ ያህል፥ የደረቅ አሸዋ 1,600 ኪሎ ያህል፥ የውኃ 1,000 ኪሎ ነው። ስለዚህ ውስጡ በሦስቱም ወገን 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 125 ሊትር ይይዛል፤ በኮንክሪት ቢሞላ 300 ኪሎ፥ በአሸዋ ቢሞላ 200 ኪሎ፥ በውኃ ቢሞላ 125 ኪሎ ይሆናል። አሸዋ የሚመረጠው መቀነስና መጨመር ለሚፈልግ ሰው ነው። ኮንክሪት የሚመረጠው ለቦታ ማነስ ነው። በርሜል የሚጠቀም ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል እስከ አፉ በኮንክሪት ቢሞላ 480 ኪሎ ይሆናልና ትንሹ ትራክተር ሊያነሣው አይችል ይሆናል። ፌሮና የሚንጠለጠልበት ብረት ኮንክሪቱ ሳይፈስ በፊት በሚገባ መታሰር አለባቸው። ለትናንሽ ትራክተሮች በተለመደው አንደኛ ደረጃ ማንጠልጠያ የሁለቱ የታችኛ ክንዶች ፒን ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር፥ የላይኛው 19 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ፈንታ የቀጠነ ቡሎን ማስገባት ሕይወትን በክር እንደ ማንጠልጠል ነው።

ለ. የእርሻ መሣሪያ። የሣር ማጨጃ፥ የመሬት ማስተካከያ ምላጭ ወይም ሌላ ከባድ መሣሪያ ከኋላ ካለ እርሱም ሚዛን ይሆናል። ረጅም ስለ ሆነ ክብደቱ ይርቃል፤ ስለዚህ ኃይሉ ይበዛል። ጕዳቱ ርዝመቱ ራሱ ነው። ሎደር የሚሠራ ትራክተር በጠባብ ስፍራ ወዲያና ወዲህ ሲዞር ረጅሙ ጅራት አጥር ያፈርሳል፤ ግድግዳ ይመታል፤ ከሁሉ የከፋው ሰው ሊመታ ይችላል። ሰው በሚበዛበት ግቢ ለሚሠራ ሣጥኑ ይሻላል።

ሐ. በቸርኬ ላይ የሚታሰር ብረት። ከኋላው ጎማ ቸርኬ ጋር በቡሎን የሚታሰር የብረት ክብ ነው። ቦታ አይወስድም፤ ማንጠልጠያውን ለሌላ ሥራ ነጻ ይተዋል። ነገር ግን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከዚህ በላይ እንዳየነው የፊቱን አክስል አያቀልም።

መ. በጎማ ውስጥ የሚሞላ ፈሳሽ። የጎማውን አየር መሙያ ወደ ላይ አድርጎ ፈሳሹ እስከዚያ እንዲደርስ፥ ማለት ከጎማው 75 በመቶ ያህል፥ ይሞላል፤ የቀረው ለአየር ይተዋል። ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ ስለ ሆነ ወደ ጎን እንዳይገለበጥ መልካም ይረዳል። ውኃ ርካሽ ነው፤ ውርጭ በሚበረታበት አገር ግን ይረጋል። እዚያ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይጨመርበታል፤ እርሱም ክብደት ይጨምራል፤ ቸርኬውን ግን ያዝገዋል። በሰሜን አሜሪካ ሹገር ቢት ከሚባለው ሥር የሚገኝ ፈሳሽም ይሠራበታል፤ እርሱ ከውኃ 30 በመቶ ያህል ይከብዳል፤ ብረትም አያዝግም። የፈሳሽ ሁሉ ችግር አንድ ነው፤ እንደ ሣጥን ሥራ ሲያልቅ አውርደው የሚያኖሩት አይደለም፤ ጎማ ሲቀደድም ጥገናው አድካሚ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ለሎደር ሥራ የመጀመሪያው ሚዛን ከኋላ የሚንጠለጠለው ነው። በጎማ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወይም በቸርኬ ላይ ያለው ብረት ረዳቱ ነው እንጂ ምትኩ አይደለም። ተዳፋት ላይ ለሚሠራ ሰው ሁለቱን ማጣመር የተሻለ ነው።

6. እንዴት ይመረጥ?

መጀመሪያ የትራክተሩንና የሎደሩን መመሪያ መጽሐፍ መክፈት ነው። ሠሪዎቹ ለሎደር ሥራ ምን ያህል የኋላ ሚዛን እንደሚያስፈልግ ይጽፋሉ፤ የእኛ ሒሳብ ያንን ለመረዳት ነው እንጂ ለመሻር አይደለም።

ሁለተኛ፥ ሒሳቡ ሎደሩ ሊያነሣ በሚችለው ከፍተኛ ክብደት ይሠራ። «እኔ የምጭነው ቀላል ነው» የሚል ሰው አለ። ነገር ግን ዛሬ ደረቅ የሆነው አሸዋ ነገ ዝናብ ሲያገኘው ይከብዳል፤ አካፋው ግን ያው ነው።

ሦስተኛ፥ ማንጠልጠያው የሚያነሣው ልክ ይታይ። መጻሕፍቱ ይህን ቍጥር ብዙ ጊዜ በሁለት ስፍራ ለይተው ይሰጣሉ፤ አንዱ ልክ በክንዶቹ ጫፍ ላይ፥ ሁለተኛው ከጫፉ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቆ ነው። ሁለተኛው ያነሰ ነው። የሣጥኑ ክብደት ማዕከል ከክንዶቹ ጫፍ የሚርቅ ከሆነ መታየት ያለበት ይኸው ያነሰው ነው።

አራተኛ፥ የኋላው አክስልና የጎማዎቹ ልክ እንዳይታለፍ።

አምስተኛ፥ የፊቱ አክስል ልክ ይታይ። በምሳሌያችን ሚዛኑ ከተሰቀለ በኋላ እንኳ የፊቱ አክስል 1,325 ኪሎ ተሸክሟል። ይህ ሠሪው ከፈቀደው በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ጭነቱን መቀነስ ነው። የኋላ ሚዛን የተፈቀደውን ጭነት በደኅና ለማንሣት ነው እንጂ ያልተፈቀደውን ለመድፈር የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

7. ሥራ ላይ

ሚዛን የያዘ ትራክተርም ቢሆን ከማስተዋል ነጻ አይወጣም። ጭነት ይዘው ሲሄዱ አካፋው ወደ መሬት ዝቅ ይበል፤ ነጂው መንገዱን የሚያይበትን ያህልና መሬት የማይነካበትን ያህል ከፍ ማለቱ ይበቃል። ወደ ላይ የሚነሣው በሚጫንበት ስፍራ ሲደረስ፥ ያውም ቀስ ብሎ ነው። ተዳፋትን በጎን ማቋረጥ አይገባም። የከበደው ወገን ምን ጊዜም ወደ ዳገቱ ይሁን፤ የሞላ አካፋ ይዞ ሲወጡ ፊትን ወደ ላይ፥ ሲወርዱ ደግሞ ፊትን ወደ ዳገቱ እንዳደረጉ ወደ ኋላ መንዳት ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ትራክተር ከሆነ ቁልቁለቱ ሳይጀመር የፊቱ ማርሽ ይግባ፤ በዚያን ጊዜ የፊት ጎማዎችም በማርሹ በኩል ትራክተሩን ለመግታት ይረዳሉ።

ከነጂው ራስ በላይ ያለው የመገልበጫ መከላከያ ብረትና የወንበሩ ቀበቶ አይለያዩ። ስዊድን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህ ብረት እንዲኖረው በሕግ አዘዘች፤ በአሜሪካም ከ1976 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ወዲህ ለተሠሩና ተቀጣሪዎች ለሚነዷቸው የእርሻ ትራክተሮች ተመሳሳይ ደንብ ወጣ። በአሜሪካ እርሻዎች ላይ ሰው ከሚሞትባቸው አደጋዎች ዋነኛው የትራክተር መገልበጥ ነው። ብረቱ የሚያድነው ነጂው በወንበሩ ላይ ታስሮ ሲቀር ነው፤ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ከወንበሩ ተወርውሮ ያው ብረት ሊጫነው ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው ቀበቶም ሆነ ሚዛን ሥራው ሳይጀመር የሚታሰር ነው። «ለአንዲት አካፋ አሸዋ ብዬ ሣጥን አልሰቅልም» ማለት አይገባም፤ ለመገልበጥ አንዲት አካፋ ትበቃለችና።

በመጨረሻም ሎደሩ ሲወልቅ ሚዛኑም ይውረድ። ከምሳሌያችን ትራክተር ላይ ሎደሩ ወጥቶ 300 ኪሎው ሣጥን ቢቀር የፊቱ አክስል ወደ 231 ኪሎ ይወርዳል። ጎማው መሪውን ይታዘዝ ዘንድ የፊቱ አክስል ከባዶው ትራክተር ክብደት ከ20 በመቶ ያላነሰ፥ ማለት በእኛ ምሳሌ ከ200 ኪሎ ያላነሰ፥ እንዲሸከም በአውሮፓ የተለመደ ደንብ ነው። 231 ከዚህ ወሰን ብዙ አይርቅም፤ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር የሚወጣ ዳገት ሲያጋጥም ደግሞ ወደ 115 ኪሎ ያህል ይወርዳል። በዚያን ጊዜ መሪውን ቢያዞሩት ትራክተሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ደግሞም የማያስፈልግ ክብደት የእርሻውን አፈር ይደቀድቃል፤ ነዳጅም ይበላል። ሚዛን ማለት ከጭነቱ ጋር የሚመጣ፥ ከጭነቱም ጋር የሚሄድ ነው።

8. መልመጃ

አንባብያን የተረዱትን ራሳቸው እንዲመዝኑ አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። በዚያው ትራክተር ላይ ያው 250 ኪሎ ሎደር አለ። ጭነቱ አሁን 300 ኪሎ ነው፤ ርቀቱ እንደ ቀድሞው 140 ሳንቲ ሜትር ነው። 300 ኪሎ የሚመዝነው ሣጥን ግን በአጭር ማንጠልጠያ ስለ ተሰቀለ ከኋላ አክስል የሚርቀው 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በእያንዳንዱ አክስል ላይ ስንት ኪሎ ያርፋል?

መልሱ በኋላ 675፥ በፊት 1,175 ኪሎ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 1,850 ኪሎ ይሆናሉ፤ ይህም ከትራክተሩ፥ ከሎደሩ፥ ከጭነቱና ከሣጥኑ ድምር ጋር ልክ ይገጥማል። ድምሩ ያልገጠመለት ሰው ከመንገዱ በአንዱ ላይ ስቷልና ወደ ድጅኖው ሕግ ተመልሶ ይመርምር።

ሌላም ነገር ከዚህ መልስ እናገኛለን። ሣጥኑ 20 ሳንቲ ሜትር ቀርቦ ሳለ የኋላው ክብደት ከፊተኛው ምሳሌ 50 ኪሎ በልጦ ተገኘ፤ ምክንያቱም ጭነቱ በ100 ኪሎ ቀንሷል። ሚዛንን ከማክበድ አስቀድሞ ጭነትን ማቅለል የሚቀድም ጥበብ ነው። ያም ቢሆን ከኋላ ምንም ሳያንጠለጥሉ አካፋ መሙላት በምንም ሒሳብ አይገኝም።